ዘጠነኛዋ እናት

ሁለቱ ሴቶች ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ስለ ሰው ሞት ያወራሉ፤ ያውም እየሳቁ። «ትናንት ማታ በቴሌቪዥን አይተሽዋል? ያንን ባሩድ የሚሉትን ልጅ ፊልም?» አለች ወፍራሟ፣ ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች። «አየሁት እንጂ! እናትየውን ገና ሻይዋን ሳትቀዳ ደፏት» አለች ቀጭኗ። «ሁሌም እንዲሁ ነው። እናት ሳይገድል ፊልም ጀምሮ አያውቅም እኮ። ቆይ ግን፣ እናቱ ምን በድላው ይሆን?» «እንጀራ እናት ይሆናላ ያሳደገችው! ወልዳ ያሳደገች እናት ላይ እንዲህ ጥርስ አይነከስም።» «እኔ ምን አውቄ እህቴ። ብቻ ሆድ ያባውን ፊልም ያወጣዋል።» ይህን ብለው ተያይዘው ሳቁ።

ከኋላቸው ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ የቆመችው ሴት የዚሁ የባሩድ እናት ነበረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሷ ጆሮ ግን ዛሬ የሥጋ ዘመድ ሆኖ አንዲት ቃል ሳያስቀር አደረሰላት። ሌላ ቀን ቢሆን እነዚህ ሁለት ሴቶች ዳቦ መግዛታቸውንም ረስተው እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም ይቺ ሴት ምላሷን ቤቷ ትታ የምትወጣ ዓይነት አይደለችም። ዛሬ ግን ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ምን ትበል? እንጀራ እናት አይደለሁም፣ እኔው ነኝ በምጥ የወለድኩት ብትል፣ ታዲያ ለምን ይገድልሻል ሊሏት ነው። መልሱን ደግሞ እሷም አታውቀውም። ዳቦው ከትናንቱ አንሶ፣ ዋጋው ከትናንቱ በልጦ ሲሰጣት እንኳ ሳትጨቃጨቅ ከፍላ ወጣች። ባለ ዳቦ ቤቱ «ምን ነካቸው ዛሬ?» ብሎ በዓይኑ ሸኛት።

መንገዱን ሁሉ ሟቾቿን እያሰበች ሄደች። የመጀመሪያዋን እናት በመኪና ነበር ያስገጫት። ቀጥሎ የመጣችው ልብስ ስታሰጣ በጥይት ወደቀች፣ አንሶላው ሳይጨመቅ። ሌላዋ ምድጃዋን ልትለኩስ ክብሪት ስትጭር ከነወጥ ቤቷ ሰማይ ደረሰች። አምስተኛዋ አልጋዋ ላይ እንደተኛች በትራስ ታፈነች፤ ይህቺኛዋን እናት እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፤ ትራሱን ሳያስፈቅድ ከራሷ አልጋ ላይ ነበር የወሰደው። ስምንት ፊልም፣ ስምንት ሬሳ። እሷ ከሞተች በኋላ ያለው ሁሉ ያው ነው፦ ልጅ ያለቅሳል፣ ሽጉጥ ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ በከተማው የሚተርፍ መስታወት የለም። መኪና ይገለበጣል፣ ነዳጅ ማደያ ይቃጠላል፣ ጀግናው እሳቱን ከኋላው ጥሎ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ኮቱን አራግፎ ይሄዳል። ጋዜጣ ላይ የሚተቹ ሰዎች «የባሩድ ታሪክ አንድ ነው፤ የሚለወጠው የመኪናው ቀለም ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ ጽሑፋቸውን መቀመጫ አድርጎ አንጥፎ ትኬት ለመቁረጥ ወረፋ ይጠብቃል። በዚህ እናት ኩራት እንጂ ቅሬታ የላትም። የከነከናት ሌላ ነው። በየፊልሙ የሚሞቱት እናቶች ሻርፋቸውን የሚያስሩት እንደሷ ነው፤ ሲራመዱ ግራ እግራቸውን እንደሷ ሳብ ያደርጋሉ፤ ከመሞታቸው በፊትም ልጃቸውን «በልተሃል ወይ?» ይሉታል፣ ልክ በሷ ድምፅ። እናት መቼም ለልጇ «ልሙትልህ» ማለቷ ያለ ነው፤ እንዲህ በየዓመቱ ቃሏን የሚያስፈጽምባት ግን የሷው ጉድ ብቻ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ሞቷ ሳሎኗ ውስጥ እየተዘጋጀ ነበር። ባሩድ ዘጠነኛውን ፊልሙን እዚያ ሊቀርጽ «አንድ ቀን ብቻ እማዬ፣ ግድግዳውን ቀብቼ አስረክብሻለሁ» ብሏት፣ እሷም እሺ ብላው፣ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ የሷ መሆኑ ቀርቷል። ሽቦ እንደ ሐረግ ከደጅ እስከ መኝታ ቤት ተጎትቷል። ሦስት ካሜራ ሦስት ማዕዘን ይዟል። ሶፋዋን አዙረውታል፤ በማዞራቸውም ለዓመታት ደብቃው የኖረችው የተቃጠለው ወገኑ ለዓለም ፊቱን ሰጥቷል። የፈንጂው ሰው፣ አንድ ቅንድቡን ሥራው የበላበት ዝምተኛ፣ በመስኮቷ ጠርዝ ዙሪያ እንደ አዝራር ያሉ ትንንሽ ነገሮችን ይለጥፋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የባሏ ፎቶ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበት ተሰቅሏል፤ ባሏ እዚያው ፎቶው ሥር ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። «ምንድነው ይሄ? ሰውዬው ቁጭ ብሎ?» አለች ደንግጣ። ባሏ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «አንቺስ ታድለሻል፤ አሥር ደቂቃ ኖረሽ ነው የምትሞቺው። እኔ ስምንቱም ላይ ከመጀመሪያው ፎቶ ነኝ» አላትና ገጹን ገለጠ። ለካስ ሰውዬው የሚያንጎላጅ እየመሰለ ሁሉንም አይቷል።

ችግሩ የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። በስምንቱም ፊልሞች የሞተችው ተዋናይ አንዲት ናት፤ የፊልም ሰዎች «ሟቿ» ነው የሚሏት። ሟቿ ስልክ ደወለች። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ዳኛ ሆና ልትሠራ ተዋውላለች፣ ዳኛዋ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፍል በሕይወት ትቆያለች፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ለማንም ወንድ አልሞትም ብላ ዘጋችው። ባሩድ ስልኩን ይዞ ድርቅ ብሎ ቀረ። ከካሜራዎቹ ኋላ ባለ ወንበር ላይ ወፍራም ፕሮዲውሰር እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ለፊልሙ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ነው፣ ያወጣውንም ለማንም የማያስረሳ። የፈለጉት ፀሐይ በመስኮቱ የሚገባው ለጥቂት ጊዜ ነው። መስኮቱ ላይ ደግሞ ፈንጂው ተጠምዷል።

መቼም የባሩድን አሠራር ያላወቀ ጭንቀቱ አይገባውም። ይህ ሰው ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ከስኳር የተሠራ መስታወት አይሰብርም፤ ድምፁ አይጥመውም። እውነተኛ መስታወት ነው የሚሰብረው፤ ስለዚህ አንድ ነገር የሚቀረጸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልምምድ የለም፣ «ከልምምድ በኋላ ሰው አይደነግጥም» ይላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭሱ ጠርቶ እስኪያልቅ ድረስ «ከት» ብሎ ቀረጻውን አያስቆምም፣ ማንም እንዲያስቆምም አይፈቅድም። አንድ ጊዜ ተዋናዩ ሱሪው በእሳት ተያይዞ እየዘለለ ቀረጻው አልቆመም፤ ሕዝቡ በጣም የወደደለት ትዕይንት እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሕግ ነው።

«እኔ አለሁልህ አይደል እንዴ» አለች እናት ከወጥ ቤቱ በር።

ባሩድ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። ክንዷን ይዞ ወደ ወጥ ቤት አስገባትና በሩን ገርበብ አደረገው። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ ግን ሲጨንቀው አሁንም የሸሚዙን ቁልፍ ያሽከረክራል።

«እማዬ፣ አይሆንም። አንቺ አትችይውም።»

«ስምንት ጊዜ ሞቼ? ይልቅ ንገረኝ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ምኑን?»

«የምትገድለኝ። ዛሬ ዳቦ ቤት እንጀራ እናት ናት ሲሉኝ ሰምቼ መጣሁ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «አንቺን እኮ አይደለም። ገጸ ባሕርይ ናት።»

«ሻርፉ የኔ፣ አካሄዱ የኔ፣ ትራሱ እንኳ የኔ! ሞኝህን ፈልግ።»

ቁልፉን አሽከረከረ። «ሞክሬ ነበር እማዬ። እውነቴን ነው። ሦስተኛው ፊልም ላይ እንድትኖር አድርጌ ጽፌያት ነበር። ጀግናው ሽጉጡን ከመሳቢያ አውጥቶ ሊበቀል ሊወጣ ሲል እናትየው ‹በዚህ ብርድ ወዴት ነው?› አለችው። በቃ፣ እዚያው ቆመ። ሳምንት ሙሉ ተቀመጥኩ፣ ከቤት ላስወጣው አልቻልኩም። ሽጉጡን መልሶ አስቀምጦ ሻይ ጠጣ። አንቺ ባለሽበት ማን ሰው ይገድላል?»

እናት ልትስቅ ከጅሏት ነበር። እንደ ሙገሳ የሚያስቆጥር ነገር ነው፣ ሌላ ሴት ብትሆን ይበቃት ነበር። የሷ ሆድ ግን አልሞላም። እጇን ልብሷ ላይ ጠረገችና የፈራችውን ጠየቀችው፦ «ስትገድላትስ? አንድ ቀን እንኳ አንጀትህ አይላወስም?» ባሩድ ለጥያቄው እንግዳ ሆኖ አሰበበት። መዋሸት አይችልበትም፣ ከሷ ፊት ደግሞ ጭራሽ። «እኔ እኮ በዚያን ሰዓት እሷን አላያትም» አላት። «መስታወቱን ነው የማየው። በደንብ መሰበሩን።» ይህንን ብሎ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደሚያደርገው ሰዓቱን አየ።

ይሄኛው አንገበገባት። ጠልቶ ቢገድላት እንኳ ይሻላት ነበር፤ የጠላ ቢያንስ ያያል። እሷ ግን ለካ ስምንት ጊዜ ስትወድቅ ልጇ መስኮት ሲያይ ነው የኖረው። ደሟ ፈላ። ፊቷ ላይ ግን ማር የመሰለ ፈገግታ አወጣች። «እሺ የኔ ጌታ። እንዴት እንደምሞት አሳየኝ» አለችው። ሳሎን ውስጥ ባሏ ይህንን «እሺ» ሲሰማ ጋዜጣውን አጠፈ። ይሄ «እሺ» ምን እንደሚያስከትል በትዳር ዘመኑ ሁሉ የተማረው እሱ ነው፤ ቀስ ብሎ ወንበሩን ከመስኮቱ አርቆ ካሜራ የማያየው ጥግ ያዘ።

ነገሩን በአጭሩ አስረዷት። ሶፋው አጠገብ ቆማ ልብስ ታጥፋለች። «ግንቡ» የሚሉት ግዙፍ ተዋናይ፣ የወንበዴዎቹ አለቃ፣ በሩን በርግዶ ይገባል። «ልጅሽ የት አለ?» ይላል። እሷ ዝም ትላለች፣ እሱ ይተኩሳል፣ መስኮቱ ይረግፋል፣ እሷ ትወድቃለች። ጀግናው እየሮጠ ገብቶ አቅፏት ያለቅሳል። «ይገባኛል» አለች። ግንቡ በሩ ጋ ቆሞ ፊቱን ለማክፋት እየታገለ ነበር፤ ጠዋት ሻይና ዳቦ ሰጥታው፣ መርፌ እንደሚፈራና እናቱ ጉልበቷን እንደሚያማት አጫውቷት ስለነበር ክፋቱ አልመጣ ብሎታል። ባሩድ የሚቀረጸውን ከሚያሳየው ስክሪን ፊት ተቀመጠ። ዓይኑን አየችው፤ እውነትም መስኮቱ ላይ ነበር።

«አክሽን!»

በሩ ተበረገደ። ግንቡ ገባ፣ «ልጅሽ የት አለ?» ብሎ ጮኸ፣ ተኮሰ። መስኮቱ እንደ በረዶ ረገፈ፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ ባሏ ጋዜጣውን ራሱ ላይ ደፋ። እንዴት ያለ አሰባበር ነበር መሰላችሁ! የፈንጂው ሰው እንኳ በቀረው ቅንድቡ ፈገግ አለ። እናት ግን አልወደቀችም። ግንቡ ግራ ገብቶት ደገመ፣ ሠለሰ፣ የማስመሰያ ጥይቱ እስኪያልቅበት ተኮሰ። እሷ ያጠፈችውን ልብስ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና አቧራዋን አራገፈች። «ጨረስክ?» አለችው። ግንቡ ወደ ባሩድ ተመለከተ፤ ባሩድ ደግሞ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ ጭሱ አልጠራምና ራሱ ያወጣው ሕግ አፉን ይዞታል። «ያንን ነገር አስቀምጥ። የሰው በር እንዲህ ይከፈታል? እናትህ ጉልበቷን እያመማት፣ አንተ እዚህ ሰው ቤት ታተራምሳለህ?» አለችው። ግንቡ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይቅርታ እማማ» አለ። ከዚያም፣ ማንም ሳያዘው፣ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ይለቅም ጀመር። በዚህ መሃል ጀግናው ዓይኑ ውስጥ እንባ ማምጫ ጠብታ ጨምሮ፣ እየጮኸ ገባ። የሚያቅፈው ሬሳ ሲያጣ መሃል ሳሎን ተገተረ። እናት መሐረብ ሰጠችውና «በልተሃል ወይ?» አለችው። ሦስቱም ካሜራዎች አንዲት ነገር ሳያስቀሩ ቀረጹ።

ጭሱ ጠራ። «ከት» አለ ባሩድ።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ፕሮዲውሰሩ ሲነሳ ሳቁን ቆረጠ። ፕሮዲውሰሩ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ፊልሙ አለቀ እኮ» አለ በዝግታ። «እናት ካልሞተች ልጁ ማንን ይበቀላል? መስኮት ስለ ሰበሩበት ነው ከተማ የሚያቃጥለው?» ሌላ መስኮት የለም፣ ፀሐይዋም ከመስኮቱ ልትሸሽ ነው። «ሕዝቡ ካንተ የሚፈልገውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ይሄ ግን በእናትህ ቤት የተነሳ የቤተሰብ ቀልድ ነው። እኔ ከዚህ ፊልም ወጥቻለሁ፤ ሌላ ሰው ፈልግ» ብሎ ኮቱን አነሳ። ሽቦ የሚጠቀልሉት፣ መብራት የሚይዙት፣ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ባሩድ ቁልፉን ሲያሽከረክር ቁልፉ ተበጥሶ እጁ ላይ ቀረ፤ የሚያደርግበት ጠፍቶት ጨብጦት ቆመ።

እናት ድሏ አፏ ውስጥ መረራት። አስተምረዋለሁ ብላ እንጀራውን ልትቀማው ነው እንዴ! ልጇ በስምንት ፊልም የቆመበትን እግር እሷ በአንድ ቀልድ መታችው። ልቧ ስፍስፍ አለ። «ኧረ ጌታው፣ ቆይ!» አለችው ፕሮዲውሰሩን። «ለመሞት መስኮት ምን ያደርጋል? እናት ከሞተች አይበቃም?» አንዱን ካሜራማን «በል፣ አንሳ» አለችው። ግንቡ ያጸዳላት ቦታ ላይ በአንድ እጇ ሶፋውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወረደች፣ ተጋደመች፣ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጎተተች። ሻርፏ ወደ ኋላ ሸሸና ሽበቷ ወጣ። አንድ እጇን ወለሉ ላይ ዘረጋች። ዓይኗን ጨፈነች።

ሟቿ ስትሞት ሁልጊዜ ሽፋሽፍቷ ይርገበገብ ነበር። ይቺ አልተርገበገበችም። ትንፋሿን ዋጠችው። ካሜራማኑ ልማድ ሆኖበት ማሽኑን ከፈተ፤ ጀግናው ወደፊት ሊል ብሎ፣ ምን እንደከለከለው እንጃ፣ እግሩ አልሄድ አለው። ሳሎኑ ውስጥ የሚሰበር ነገር አልቀረም፣ የሚነድ ነገር አልቀረም፣ የሚታይ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሩድ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ስክሪኑን ትቶ ወለሉን አየ። የእናቱን እግር አየ፣ ካልሲዋ ተረከዟ ላይ መሳሳቱን፣ የተዘረጋው እጇ እንዴት ትንሽ እንደሆነ። «ይበቃል» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «እማዬ፣ ይበቃል። ተነሺ።»

አልተነሳችም። ወንበሩ ሲገለበጥ ሰማች፣ ጫማው ስብርባሪ ሲረግጥ ሰማች። ጉልበቱ ከጎኗ ወለሉን ሲመታ አወቀችው። «እማዬ» አላት፣ በዚያ ሕዝብ ፊት፣ ድምፁ ለሁለት ተሰንጥቆ። ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት። «እማዬ ተነሺ! በሞቴ ተነሺ፣ አታስፈራሪኝ!» አንድ ትልቅ የእንባ ጠብታ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ ጀግናው ዓይኑ ውስጥ እንደጨመረው ዓይነት አልነበረም፣ ይሄኛው ይሞቃል። ከበሩ በኩል ፕሮዲውሰሩ ትንፋሹን ቀንሶ ካሜራማኑን «እየቀዳህ ነው አይደል? በእግዜር ስም እንዳታቆም» ሲለው ሰማች። ባሏም ከጥጉ ተነስቶ ሲመጣ፣ አንድ ርቀት ላይ ደርሶ ሲቆምና ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማች፤ ሰውዬው አውቆባታል።

እናት ከግራ ዓይኗ ቀጭን ቀዳዳ አበጅታ ቀና ብላ አየችው። ጢሙ እንባ፣ አፍንጫው ቀይ፣ ዓይኑ እሷ ላይ፣ እሷ ላይ ብቻ። ትንሽ አሳዘናት። መልሳ ጨፈነችው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጥራት።